የሕንፃ ሰባት ጠራጊዎች

በዚያ ዘመን አዳማ ውስጥ ልጁን «ተነስና ጥረግ» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ አልነበረም። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ በየሕንፃው የወፍ ዝማሬ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ልጆች የያዙትን ጥለው መነጽራቸውን ያጠልቃሉ፤ መጥረጊያ ለመያዝም ይሻማሉ። ወለሉ ለጊዜው የልጆቹ ነውና እናቶች እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰብስበው ይቀመጣሉ። ጨዋታው «ፀዴ» ይባላል።

መነጽሩን ያጠለቀ ልጅ አቧራን እንደ አቧራ አያየውም። ክብ፣ ለስላሳ፣ ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ ትንንሽ ፍጥረታት ከአልጋ ሥርና ከቁም ሳጥን ጀርባ ብቅ ይሉለታል። ልጆቹ «ድንቡሼ» ይሏቸዋል። ድንቡሼዎቹ መጥረጊያ ሲነካቸው ይንከተከታሉ፣ ይሸሻሉ፤ ሲያዙ ደግሞ ዘምረው ይጠፋሉ። ብዙ ድንቡሼ የያዘ ልጅ ስሙ በሕንፃው መግቢያ ላይ በብርሃን ተጽፎ ይውላል፤ ወላጆቹም ከሥራ ሲገቡ ቆም ብለው ያነቡታል።

ነፋስ ለአዳማ አዲስ ነገር አልነበረም። ሐይቆቹ ከሸሹ ወዲህ የሚነፍሰው ግን የድሮው ነፋስ አይደለም። ቀይና ደቃቅ አፈር ተሸክሞ ይመጣል፤ አፈሩ ሳንባ ውስጥ ከገባ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ሕንፃዎቹ ታሸጉ። አየር ከጣሪያ ላይ ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ በግድግዳው ውስጥ በተዘረጋ ቦይ በኩል ወደየቤቱ ይወርዳል። የዚያ ዘመን ልጆች መስኮት የሚከፈት ነገር መሆኑን አያውቁም። እንዲያም ሆኖ አቧራው በልብስም፣ በጫማም፣ ዓይን በማያየው ቀዳዳም ይገባል። ሳይጠረግ የሰነበተ ቤት ግድግዳው ይቀላል።

ትርሲት የምትኖረው ሕንፃ ሰባት ውስጥ ነው። ቀን ቀን አንድ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ታካሚ እየተቀበለች ትውላለች። ባሏ ገመቹ የጅቡቲን ባቡር ስለሚነዳ ሳምንቱን አብዛኛውን ውጭ ነው የሚያሳልፈው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሲፈን ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትርሲት ራሷ በልጅነቷ ቅዳሜ ጠዋት መወልወያ እየተሰጣት፣ እናቷ ልምጭ ይዛ ከኋላዋ ቆማ፣ እያለቀሰች ነበር ወለል የምትወለውለው። ስለዚህ ጨዋታውን ያመጡትን ሰዎች ማንነታቸውን ባታውቅም ትመርቃቸው ነበር።

ሲፈን በሕንፃው ከሚጫወቱት ሁሉ ጎበዝ ሆነች። ስሟ ከመግቢያው ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ቤቱ ያበራል። የመብራቱ አምፖል ጀርባ ሳይቀር ይወለወላል። አንዳንድ ነገር ግን ትርሲትን ቅር ይላት ጀመር። ምሳ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ከወደቀ ልጅቷ ዓይኗን ከፍርፋሪው አትነቅልም፤ የምትነግራትንም አትሰማም። መነጽሩን ስታጠልቅ ደግሞ ሰው አታይም። ጨዋታው ልጆቹ እንዳይጋጩ ብሎ ሰውን እንደ ድንጋይ አድርጎ ነው የሚያሳያቸው። አንድ ቀን ትርሲት ሆን ብላ መንገዷ ላይ ቆመች። ሲፈን ምሰሶ እንደሚዞር ሰው ዞራት ሄደች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ልጅቷን ወለሉ መሐል ተቀምጣ እያለቀሰች አገኘቻት። ምን ሆንሽ ብትላት «አለቀ» አለቻት። ቤቱ ውስጥ አንድም ድንቡሼ አልቀረም። ትርሲት ልትስቅ ከጀለች፤ ግን የልጅቷ ለቅሶ የሚያስቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው በሩን ከፈተላት። መጀመሪያ ኮሪደሩን፣ ቀጥሎ ደረጃውን፣ ቀጥሎ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሎቹን ሰጣት። ጎረቤቷ ዘይነባም የእኔውም ልጅ ረምዚ ደረጃ ተሰጠው ብላ ነገረቻት፤ ሁለቱም ኮሩ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሲፈን ትከሻዋ ተጫጭሮ፣ ጸጉሯ ውስጥ የቤታቸው ያልሆነ ጥቁር ድር ተጣብቆ መምጣት ጀመረች። ትርሲት ከየት እንደመጣ ስትጠይቃት የሚስጥር ደረጃ ስለሆነ አይነገርም አለቻት። ማታ ማታ ትስላለች። እናቷ ጀርባዋን እያሸች ጨዋታው ይቅርብሽ ብትላት ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትርሲት ወደ ሕንፃው ኃላፊ ወደ ምንተስኖት ሄዳ ነገረችው። ምንተስኖት ለስለስ ያለ፣ ሰው ሲያናግረው ከወንበሩ የሚነሳ፣ ከሁሉም ጋር የሚግባባ ሰው ነው። ልጆቹ ከኮሪደር አልፈው የሚሄዱበት ቦታ እንደሌለ ነገራት። ጨዋታው ያሉበትን በየደቂቃው እንደሚያውቅ፣ እሱም ሄራን የምትባል ትንሽ ልጅ እንዳለችውና እሷም እንደምትጫወት አጫወታት። ትርሲት ልቧ ባያርፍም አመስግናው ተመለሰች። የሚጠየቅ ነገር ጠይቃ መልስ አግኝታለች፤ ከዚህ በላይ ምን ትላለች?

ነፋሱ የተነሳው በጥቅምት ነው። ቀኑ ገና ቀትር ሳያልፍ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ቀላ። ቀጥሎ የከተማው የማስጠንቀቂያ ጥሩንባ ጮኸ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን ቀደም ብለው አሰናበቱ፤ ክሊኒኩም ተዘጋ። ትርሲት የመጨረሻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ ሕንፃ ሰባት ስትደርስ የመንገዱ ማዶ አይታይም ነበር። ሰዎች ጭምብላቸውን በእጃቸው ደግፈው ይሮጣሉ። በሁለቱ በሮች መሐል ባለችው ጠባብ ክፍል ቆማ ልብሷ ላይ ያለውን አፈር በአየር ካስነፋች በኋላ ወደ አዳራሹ ገባች።

አየሩ ታፍኗል። ይህን መጀመሪያ ያወቀችው በደረቷ ነው። ወትሮ ከግድግዳው ውስጥ የሚሰማው የማራገቢያ ድምፅ ጠፍቷል። እሱ ሲኖር ማንም አይሰማውም፤ ሲጠፋ ግን ጆሮ ይጮኻል።

ቤቷ ደርሳ ሲፈንን ተጣራች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ በር ሥር ወድቋል፤ ጫማዋም አለ። ሲፈን የለችም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ሲፈን በጨዋታ ላይ እንደሆነችና ደህና እንደሆነች ይናገራል። ትርሲት ኮሪደሩን አየች፣ ደረጃውን አየች፣ የዕቃ ክፍሎቹን አንኳኳች። የመጫወቻው ሰዓት ገና ነበር። አንድም ልጅ በዓይኗ አልዞረም፤ አንድም የልጅ ድምፅ አልሰማችም። ዘይነባን ደረጃው ላይ አገኘቻት፤ እሷም ረምዚን ፍለጋ ላይ ታች ትላለች። አብረው ወደ አዳራሹ ወረዱ።

ምንተስኖት ጠረጴዛው ጋ ቆሟል። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ሲያያቸው እንደ ወትሮው ደህና ዋላችሁ አላለም።

«ልጆቻችን የት ናቸው?» አለችው ትርሲት።

«በጨዋታ ላይ ናቸው። ደህና ናቸው።»

«የት ናቸው ነው የምልዎት።»

ምንተስኖት ቀስ ብሎ እጁን አነሳና ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

ዘይነባ አልገባትም፤ ግድግዳውን አየችው፣ መልሳ እሱን አየችው። ትርሲት ግን ገባት። ከጠረጴዛው በላይ ያለውን፣ ልጅ የሚያሾልከውን የብረት ፍርግርግ አየች። ጠረጴዛውን ያዘች።

ምንተስኖት ነገሩን ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ለረጅም ጊዜ ለሰው መንገር የፈለገ ይመስል ነበር። ቦዩን የሚያጸዱት ማሽኖች ባለፈው ዓመት ተሰነካክለው ቀርተዋል፤ ጠጋኝ ቢጠራ የሚመጣ የለም። የመጀመሪያው ነፋስ ሲመጣ ቦዩ ተደፍኖ ላይ ፎቅ አንዲት አሮጊት ታፍነው ሞቱ። ትርሲት ቀብራቸውን ታስታውሳለች፤ በልብ ሕመም ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንተስኖት አንድ ልጅ በዚህ ፍርግርግ በኩል እየሳቀ ሲወጣ አየ። ማንም አላዘዘውም። ጨዋታው ቤታቸውን ለጨረሱ ልጆች ሌላ ቆሻሻ ሲፈልግላቸው፣ በሕንፃው ውስጥ ትልቁን ቆሻሻ ያገኘው ቦዩ ውስጥ ነው። በዚያ ቀን የሕንፃው አየር እንደ ጥንቱ የክረምት ማለዳ ጠራ። ምንተስኖትም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ ቢኖር ልጆቹ ሲገቡ ማራገቢያውን ማጥፋት፣ ሲወጡ መልሶ ማስነሳት ብቻ ነው።

«የእኔም ልጅ እዚያው ናት» አለ በመጨረሻ፤ ይህን ማለቱ ጥፋቱን የሚያቀልለት ይመስል።

ዘይነባ ጨዋታውን አጥፋውና ይውጡ አለችው። አይቻልም አላት። አንድ ጊዜ ሞክሮታል። መነጽሩ ሲጠፋ ልጁ ራሱን ጨለማ ውስጥ፣ ትከሻው ግራና ቀኝ በቆርቆሮ ተጣብቆ ያገኘዋል። ያን ጊዜ አንድ ልጅ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልል ብሎ ሲጮኽ የሰማው ድምፅ አሁንም ከጆሮው አልወጣም። መነጽሩ እስካለ ድረስ ግን የሚታያቸው ሰፊ፣ አረንጓዴ ዋሻ ነው፤ እየዘመሩ ይሄዱበታል። ሥራው ሲያልቅ ይወጣሉ።

«ታዲያ ለምን አልወጡም?» አለች ትርሲት።

ነፋሱ ስላልቆመ ነው። እነሱ ከሚጠርጉት ከላይ የሚገባው ይበልጣል፤ ስለዚህ ጨዋታው አያልቅም። ይህን እየተናገረ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰሌዳ ቀላ። ማስጠንቀቂያው የመጣው የከተማውን ሕንፃዎች አየር ከሚቆጣጠረው ማዕከል ነው። የሕንፃ ሰባት አየር ሰው ሊኖርበት ከሚገባው መጠን በታች ወርዷል፤ ማራገቢያው ከማዕከሉ በሙሉ ኃይል ሊነሳ ነው። ማራገቢያው በሙሉ ኃይል ሲነሳ ቦዩ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ተጠርጎ ወደ ታችኛው ጉድጓድ ይገባል። ምንተስኖት ይህን አልተናገረም፤ ፊቱ ግን ተናገረ።

ትርሲት ለማዕከሉ ይንገሩ አለችው።

«ምን ብዬ ልንገር? ልጆችን ቦይ ውስጥ ሳስገባ ከረምኩ ብዬ?»

«አዎ፣ እንደዚያው ብለው።»

ስልኩን አነሳ። በከተማው ያለ ሕንፃ ሁሉ እየደወለ ስለነበር መስመሩ ተራ ይጠብቁ አለው። ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ ዓይኑን ጨፈነ።

ትርሲት በዚያች ቅጽበት የተሰማት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እልህም ነበር። ፍርግርጉ ሥር ሄዳ የልጇን ስም ጠራች። ከቆርቆሮው ውስጥ የራሷ ድምፅ ተመልሶ መጣላት። ልጆቹ ጆሮ ውስጥ ጨዋታው ስለሚዘምር የሰው ጥሪ እንደማይሰሙ ምንተስኖት ከኋላዋ ነገራት።

«ጨዋታው ልጆቹን የሚልካቸው ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው ዘወር ብላ።

«ወደ ባሰበት። ቆሻሻው ወደ በዛበት።»

ትርሲት ወደ ውጭ በሩ ተመለከተች። ከመስታወቱ ማዶ ቀኑ እንደ ሸክላ ቀልቷል። የምታስበውን ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው ዘይነባ ናት። ሁለቱን በሮች በአንድ ጊዜ የሚከፍት ካርድ በምንተስኖት አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ዘይነባ ፈቃድ ሳትጠይቅ ከአንገቱ ላይ አወለቀችው። ምንተስኖት ስልኩን ይዞ አያት እንጂ አልከለከላትም።

አዳራሹ ውስጥ ከነፋሱ የተጠለሉ ጥቂት ነዋሪዎች ነበሩ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ መንገዳቸውን ዘግቶ ቆመ። ይህ በር በነፋስ ከተከፈተ ሕንፃው በሙሉ እንደሚታመም፣ ወንጀልም እንደሆነ ነገራቸው። እውነቱን ነበር። ትርሲትም አልተከራከረችውም። ልጆቹ ግድግዳው ውስጥ ናቸው አለችው። ሰውዬው ፍርግርጉን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወደ ደረጃው ሮጠ፤ በየፎቁ እያንኳኳ ሰዎች በራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እንዲደፍኑ ሲጮኽ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ዘይነባ ካርዱን አስነካች።

ነፋሱ እንደ ጎርፍ ገባ። ወረቀቱን፣ ወንበሩን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሁሉ ይዞ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ወረወረው። ወለሉ በአንዴ ቀላ፤ አፈሩ በየጥጉ መቆለል ጀመረ። ትርሲት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ምሰሶ ታቅፋ ቆመች። ስንት አመት ሙሉ ጭረት እንዳይነካው ሲወለወል የኖረ ወለል ነው። አፈሩ ሲወርድበት እያየች ጨምር፣ ጨምር ትላለች በሆዷ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ከግድግዳው ውስጥ መፋቅ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ከላይ ጀምሮ እየበዛ፣ እየቀረበ መጣ። ፍርግርጉ ከውስጥ ተገፍቶ ተከፈተና የረምዚ ጭንቅላት ብቅ አለ። ይስቃል። ጥርሱ ሳይቀር ቀልቷል። እናቱ ሥሩ ቆማ እጇን ዘርግታለች፤ እሱ ግን ድንጋይ ላይ እንደሚወርድ ሰው ትከሻዋን ረግጦ ወረደና በእጁ በያዘው ብሩሽ ወለሉን መጥረግ ጀመረ። ዘይነባ ከኋላው አቅፋ መነጽሩን ነጠቀችው። ልጁ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ሳል ያዘው።

ሌሎቹም ተከትለው ወረዱ። አንዳንዶቹ ይዘምራሉ። ትርሲት እያንዳንዱን ተቀብላ ፊቱን ጠርጋ ታያለች፤ ሲፈን አይደለም። ሌላውን ታያለች፤ አይደለም። ወላጆች ከየደረጃው እየሮጡ መጥተው ልጆቻቸውን ያፍሳሉ። መነጽሬን መልሱልኝ ብሎ የሚታገልም ነበር። በኋላ የሚወርድ ልጅ ጠፋ። ፍርግርጉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ባለው ሰሌዳ ልጆቹ ያሉበትን የሚያሳዩ ሁለት ነጥቦች ከፍ ብለው፣ ሳይነቃነቁ ይታያሉ። አንዷ ሲፈን ናት፤ ሌላዋ የምንተስኖት ልጅ ሄራን።

ያኔ የማዕከሉ ሰው ስልኩን አነሳ። ምንተስኖት በነፋሱ ላይ እየጮኸ ተናገረ። ቦዩ ውስጥ ልጆች አሉ አለ፤ እኔ ነኝ ያስገባኋቸው አለ፤ ከመካከላቸው አንዷ ልጄ ናት አለ። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሰማው። ማዕከሉ ጥቂት ደቂቃ ሰጠው። ከዚያ በላይ መጠበቅ እንደማይችሉ፣ ላይ ፎቅ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች እንዳሉ ነገሩት።

ትርሲት የረምዚን መነጽር ከዘይነባ እጅ ተቀብላ አጠለቀችው።

ነፋሱ ጠፋ። አዳራሹ በወርቅማ ብርሃን ተሞልቷል፤ አየሩ ላይ አእላፍ ድንቡሼዎች እየተገለባበጡ ይንሳፈፋሉ። ዘይነባ ግራጫ ድንጋይ ሆናለች። ምንተስኖትም ድንጋይ ሆኗል። ትርሲት ሳታስበው ከንፈሯ ለፈገግታ ሲላቀቅ ተሰማት፤ ያን ለአንድ አፍታ የመጣባትን ደስታ ከዚያ በኋላ ለማንም ተናግራው አታውቅም። ወዲያው ጆሮዋ ውስጥ የልጇን ድምፅ ሰማች።

«ረምዚ፣ ወጣህ እንዴ? ሌሎቹ ትንንሾችስ ወጡ?»

ስሟን ልትጠራ ስትል ራሷን ገታች፤ ልጅቷ ትደነግጣለች ብላ ፈራች። «ሁሉም ወጥተዋል። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«አቧራ ነው።»

 የሲፈን ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ይሰማል። «ሄራን ተኛችብኝ» አለች። «ብቀሰቅሳት አትነሳም። ጨዋታው ወደ ታች ውረጂ ይለኛል፤ እንዴት ትቻት እወርዳለሁ?»

«ሲፉ» አለች ትርሲት። «እኔ ነኝ። እማዬ ነኝ።»

 ከዚያ ጥፋት ላይ የተያዘች ልጅ ድምፅ መጣ፦ «ማን ነገረሽ?»

ትርሲት ማልቀስ አማራት፤ አላለቀሰችም። ሹራብሽን አውልቂና በሄራን ብብት ሥር አሳልፈሽ እሰሪ አለቻት። እጅጌዎቹን እጅሽ ላይ ጠምጥሚ። ወደ መጣሽበት እግርሽን አስቀድመሽ በዳሌሽ ውረጂ፤ ትንሽ ሂጂ፣ ጎትቻት፣ እንደገና ትንሽ ሂጂ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ ልጅቷ ስታቃስት ትሰማለች። አትፍሪ፣ መነጽሩ ውስጥ ያለውን ዋሻ እያየሽ ውረጂ አለቻት።

«መነጽሩንማ ግንባሬ ላይ ነው የማደርገው» አለች ሲፈን። «እዚህ ስገባ አላጠልቀውም። የሚያጠልቁት ትንንሾቹ ናቸው፤ እንዳይፈሩ።»

 «ቦይ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«ትልልቆቻችን እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታስቀሪኛለሽ። እኛ ከቀረን ደግሞ አየር አይኖርም፤ እናንተ አትገቡበትም፣ ትልልቅ ናችሁ።» ቆርቆሮው እንደገና ተንኳኳ፤ ልጅቷ ሳለች። «እየተጫወትን ነው ስንላችሁ ደግሞ ደስ ይላችኋል።»

ትርሲት መነጽሩን አውልቃ እላዩ ላይ ያለውን ማይክ ብቻ አፏ ላይ ያዘች። ድንጋይ ሆኖ የነበረው ሁሉ ሰው ሆነ። ምንተስኖት ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ማዕከሉን ይለምናል፤ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ይላል። ከጣሪያው በኩል ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ተሰማ፤ ማራገቢያው ሊነሳ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ትርሲት ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ቦዩ ውስጥ አስገባች። ቆርቆሮው ብብቷን ቆረጣት። በጣቶቿ ጫፍ አፈር ብቻ ትዳብሳለች። ውረጂ ሲፉዬ፣ እጄ እዚህ ነው ትላለች፤ ደጋግማ ይህንኑ ብቻ።

ጣቷ አንዲት ካልሲ ነካ።

እግሯን ይዛ ሳበቻት። ሲፈን ተንሸራታ እላይዋ ላይ ወደቀች፤ በሁለት እጇ የጠመጠመችው ሹራብ ሄራንን አስከትሎ አወጣት። ምንተስኖት ስልኩን ጥሎ ልጁን ከአየር ላይ ተቀበለ። ዘይነባ በሩን መልሳ ዘጋችው። ወዲያውም ማራገቢያው ተነሳ። ከፍርግርጉ የወጣው ነፋስ አፈሩን እንደ ጅራፍ ፊታቸው ላይ ረጨው፤ ሁሉም መሬት ላይ ተደፉ። ሄራን ለጥቂት ጊዜ እንደ ጨርቅ የአባቷ ክንድ ላይ ተንጠለጠለች። ከዚያ ሳለች፤ አለቀሰችም። ምንተስኖት እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጦ ልጁን ታቅፎ ግንባሩን ከወለሉ ጋር አገናኘ።

ነፋሱ በማግስቱ ቆመ። የሕንፃው ሰው ለብዙ ሳምንት ሲያስል ከረመ፤ ሁለት አረጋውያን ሆስፒታል ገብተው በሕይወት ወጡ። ምንተስኖት ከሥራው ተነስቶ ተከሰሰ። ፍርድ ቤት ትርሲት የምታውቀውን መስክራለች፤ በሩን መክፈቷንም አልደበቀችም። የጨዋታው ባለቤቶች ለወላጆች መልእክት ላኩ። አንድ ደረጃ በስሕተት ክፍት ሆኖ እንደነበር፣ አሁን እንደተዘጋ፣ ለተፈጠረው መጉላላትም ይቅርታ እንደሚጠይቁ ይናገራል። ለልጆቹ በሙሉ የወርቅ ኮከብ ተሰጠ። በሌሎቹ ሕንፃዎች ምን እንዳለ ሲመረመር በብዙዎቹ ፍርግርግ ላይ የልጅ ጣት አሻራ ተገኘ።

ቦዩ ግን መጠረጉ አልቀረም። አዲስ ማሽን የሚያመጣ ስለጠፋ የሕንፃ ሰባት ነዋሪዎች ግድግዳውን አስቆርጠው ትልቅ ሰው የሚያሾልክ መግቢያ አወጡ፤ ተራም ገቡ። ጨለማ ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይቻልም። አፈሩ በጭምብል አልፎ ምላስ ላይ ይቀመጣል፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ጉልበት ይልጣል። የሚዘምር ነገር የለም። ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰውዬ ከመጀመሪያው ተራው ሲወጣ ጥግ ይዞ ሲያለቅስ አይተውታል።

የትርሲት ተራ ሲደርስ ገመቹ ከጅቡቲ ገብቶ ነበርና እኔ ልግባልሽ አላት። እምቢ አለችው። በደረቷ እየተሳበች፣ መብራት ግንባሯ ላይ አስራ፣ እስከ ሦስተኛው መታጠፊያ ጠረገች። እዚያ ቦዩ ይጠብባል፤ ትከሻዋ አላለፈም። ከዚያ ወዲያ ባለው ቆርቆሮ ላይ የልጆች መዳፍ ብቻ የፋቀው መስመር፣ እየጠበበ ወደ ጨለማው ሲሄድ ይታያል። ትርሲት መብራቱን ወደዚያ አድርጋ ረጅም ጊዜ ተጋደመች። ከዚያ እየተጎተተች ተመለሰች።

ስትወጣ ሲፈን መግቢያው ጋ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች። ቤት ሆነሽ ጠብቂ ቢላትም አባቷን አልሰማችውም። እናቷ ጭምብሉን አውልቃ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀመጥ ፊቷን አስተውላ አየቻት።

«ደስ ይላል?» አለቻት።

ትርሲት አፏ ውስጥ ያለውን አፈር ተፋች። ለልጅ የሚባል ነገር ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንደ ጨዋታ ነው፣ ትለምጂዋለሽ፣ ምንም አይልም።

«አይ» አለቻት። «አያስደስትም።»

ሲፈን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተጠግታ ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ ጣል አደረገች። ከነፋሱ ቀን ወዲህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።